ከፍሎፒ ክምር ወደ አንድ ትእዛዝ፦ ሊኑክስን የመጫንና የማሻሻል ታሪክ

ሊኑክስን የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የታሪኩን አንድ ቁራጭ ነው የሚያውቀው። አንዱ ከጓደኛው የተዋሰውን የኡቡንቱ ሲዲ ያስታውሳል። ሌላው ሰርቨሩን የሚያሻሽልበትን ትእዛዝ በቃሉ ይዟል። ሌላው ደግሞ በእጁ ያለው የአንድሮይድ ስልክ በሊኑክስ ከርነል እንደሚሠራ ሰምቷል። ቁራጮቹ ለየብቻቸው ግን ዋናውን ጥያቄ አይመልሱም። ለመጫን ፕሮግራመር መሆን ይጠይቅ የነበረ ሥርዓት ዛሬ ማንም ሰው በፍላሽ ዲስክ የሚጭነው እንዴት ሆነ? ከዚያም በላይ፣ አንድ ጊዜ የተጫነ ኮምፒዩተር ፋይሉ ሳይጠፋ፣ ፕሮግራሙ ሳይበላሽ ከስሪት ወደ ስሪት እንዲሻገር ያስቻለው ምንድን ነው?

መጫን አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ነው። ማሻሻል ግን ዓመታትን የሚዘልቅ ቃል ኪዳን ነው፤ ዛሬ ሥራውን በዚህ ሥርዓት ላይ ያኖረ ሰው፣ አዲሱ ስሪት ሲወጣ ሜዳ ላይ አይቀርም የሚል ቃል። የሊኑክስ የመጫን ታሪክ ከሥር ሲታይ ይህን ቃል ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደጠበቀና ማን እንዳፈረሰ የሚናገር ታሪክ ነው። በቅደም ተከተል እንከተለው፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1991 እስከ 1992፦ ጫኝ ያልነበረው ሥርዓት

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21። በኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ከርነል እየጻፈ መሆኑን ኦገስት 25 ቀን ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች ሲያስታውቅ፣ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ እንጂ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ገልጾ ነበር። ሚኒክስ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ለማስተማሪያ ያዘጋጁት አነስተኛ ሥርዓት ነው። በሴፕቴምበር የወጣው የመጀመሪያው የሊኑክስ ስሪት 0.01 በዚሁ በሚኒክስ ላይ የተደገፈ ነበር፤ ሚኒክስ የሌለው ሰው ኮዱን ከማንበብ ያለፈ ሊያደርግበት የሚችለው ነገር አልነበረም።

ከርነል ብቻውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይደለም። ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ፕሮሰሰሩን ያስተዳድራል፤ ትእዛዝ የሚጻፍበት ሼል፣ ፋይል የሚቀዳበት መሣሪያ፣ ኮድ የሚጠናቀርበት ኮምፓይለር ግን ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረባቸው። አብዛኞቹ የመጡት ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስጀመሩት ከግኑ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊኑክስን መጫን ማለት ክፍሎቹን ከያሉበት ለቅሞ በእጅ መገጣጠም ማለት ነበር።

ትንሽ ፋታ የሰጡት ሁለት ፍሎፒዎች ናቸው። አንደኛው ከርነሉን ያስነሳል፤ ሁለተኛው ጥቂት መሣሪያዎች የያዘ ነው። ተጠቃሚው ኮምፒዩተሩን በአንደኛው አስነስቶ ሁለተኛውን ይከታል፣ ሃርድ ዲስኩን ይከፍላል፣ ከዚያም ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይገለብጣል። ኮምፒዩተሩ በቀጥታ ከሃርድ ዲስኩ እንዲነሳ ከተፈለገ ደግሞ የዲስኩን የመጀመሪያ ክፍል ባይት በባይት ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። እዚያ ላይ አንድ ስህተት ከተሠራ ማሽኑ አይነሳም።

ይህን ሸክም መጀመሪያ ከተጠቃሚው ላይ ካነሱት አንዱ በእንግሊዝ የማንቸስተር ኮምፒውቲንግ ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ኦወን ለብላንክ ናቸው። በፌብሩዋሪ 1992 ያዘጋጁት ኤምሲሲ ኢንተሪም ሊኑክስ ዲስኮቹን በሜኑ እየመራ የሚጭን፣ ለባለሙያ ያልሆነም ሰው ሊሞክረው የሚችል ስብስብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በካናዳዊው ፒተር ማክዶናልድ የተዘጋጀው ኤስኤልኤስ ተከተለ። ኤስኤልኤስ ባለ መስኮት ገጽታንና የኔትወርክ መሣሪያዎችን ጨምሮ ሙሉ ሥርዓት በአንድ ላይ አቀረበ። ከርነሉንና መሣሪያዎቹን አሰናስሎ፣ ከመጫኛ ጋር የሚያቀርብ እንዲህ ያለው ስብስብ ዲስትሮ ይባላል።

በዚያው ዓመት በድምፅ ያልተሰማ፣ ግን ሁሉን የለወጠ ውሳኔም ተላለፈ። ቶርቫልድስ በመጀመሪያ ያወጣው ፈቃድ ሊኑክስን ለሌላ ሰው ሲሰጡ ገንዘብ መቀበልን ይከለክል ነበር። በ1992 ግን ሊኑክስን በግኑ ጂፒኤል ፈቃድ ሥር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ኮዱን ክፍት እስካደረገ ድረስ ሊኑክስን በፍሎፒም ሆነ በሲዲ ቀድቶ መሸጥ ቻለ። ሞደም የሌለው ሰው በፖስታ ገዝቶ የሚጭንበት በር የተከፈተው በዚህ ነው።

ከ1993 እስከ 1995፦ ከቅሬታ የተወለዱት ዲስትሮዎች

ኤስኤልኤስ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ጉድለቱም አብሮት ተስፋፋ። የተዝረከረከ ነበር፣ ስህተቶቹም በወቅቱ አይታረሙም። ይህ ቅሬታ በ1993 በአሜሪካ የነበሩ ሁለት ተማሪዎችን አነሳሳ። የተነሱበት ምክንያት አንድ ቢሆንም የመረጡት መንገድ ተለያየ።

በሚኒሶታ ተማሪ የነበረው ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ኤስኤልኤስን ጠግኖ ስላክዌር ብሎ በጁላይ 17 አወጣው። የመጀመሪያው ስላክዌር 24 ፍሎፒ ነበር። ፍሎፒዎቹ በፊደል ተመድበዋል፤ ኤ የተባለው ምድብ መሠረታዊውን ሥርዓት፣ ኤን የተባለው ኔትወርክን፣ ኤክስ የተባለው ባለ መስኮት ገጽታን ይይዛል። ተጠቃሚው የሚያስፈልገውን ምድብ ብቻ ቀድቶ፣ ፍሎፒ እያወጣ ፍሎፒ እየከተተ ይጭናል። ከመካከላቸው አንዷ ከተበላሸች ያቺን እንደገና ቀድቶ መመለስ ግድ ነው። ስላክዌር ዛሬም አለ፤ ቮልከርዲንግ የ2022ቱን 15.0 ስሪትም ያወጣው ራሱ ነው።

የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ ደግሞ በኦገስት 16 ዴቢያንን አስታወቀ። የእሱ ሐሳብ ሥራውን ለአንድ ሰው መተው ሳይሆን ለብዙ ፈቃደኞች ማከፋፈል ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ወይም ጥቂት ፕሮግራሞችን ይረከባል፤ ሁሉም በአንድ የጋራ ደንብ ያሰናዳል። በዚህ መንገድ የሚሰናዳው ፕሮግራም ፓኬጅ ተባለ፤ ፓኬጅ ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን የራሱንም መግለጫ ይዞ ይመጣል።

የማሻሻል ታሪክ በእርግጥ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በዲስኩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፋይል የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የማይታወቅ ከሆነ፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መተካት አይቻልም፤ ሁሉን ደምስሶ እንደገና መጫን ብቻ ነው የሚቀረው። ኢያን ጃክሰን በ1994 ለዴቢያን የጻፈው ዲፒኬጂ የተባለው መሣሪያ ግን መዝገብ ያዘ። የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ፣ የትኛው ፓኬጅ ያለ የትኛው እንደማይሠራ ያውቃል። ማርክ ዩዊንግ የጀመረው ሬድ ሃት ደግሞ በ1995 አርፒኤም የተባለውን የራሱን የፓኬጅ መሣሪያ አቀረበ። ዛሬ ያሉት ታላላቅ ዲስትሮዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ይገለገላሉ።

የዴቢያን ደንብ አንድ ቁም ነገር ጨምሯል። ተጠቃሚው በእጁ ያስተካከለው የቅንብር ፋይል በዝምታ አይደመሰስም። አዲሱ ፓኬጅ የራሱን የተለወጠ ቅንብር ይዞ ከመጣ መሣሪያው ቆሞ ይጠይቃል፦ ያንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ልተካ? ይህ ጥያቄ ለአንዳንዱ ተጠቃሚ አሰልቺ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው፤ ማሽኑ የባለቤቱ እንጂ የዲስትሮው እንዳልሆነ በኮድ የተጻፈ እውቅና ነው።

ከ1995 እስከ 1999፦ የመሠረት ለውጦችና የአፕት መምጣት

ቃሉ ቶሎ ተፈተነ። በ1995 አካባቢ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት ከአሮጌው ኤ.አውት ወደ ኤልፍ ተዛወረ። ይህ ሳይረሳ ከ1997 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ሁሉም ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሲ ላይብረሪ ከአምስተኛው ስሪት ወደ ስድስተኛው ተሻገረ። በኮምፒዩተሩ ላይ ያለ ፕሮግራም ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚህ ላይብረሪ ይጠቀማል፤ ፋይል የሚገለብጠው ትእዛዝ ራሱ ሳይቀር። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የተበላሸውን የሚያስተካክለውም መሣሪያ አብሮ ይቆማል። ቤተሰቡ እየኖረበት የቤትን መሠረት አውጥቶ በሌላ እንደመተካት ያለ ሥራ ነበር።

ሬድ ሃት በዲሴምበር 1997 ባወጣው 5.0፣ ዴቢያን በጁላይ 1998 ባወጣው 2.0 ተሻገሩ። ዴቢያን የመረጠው ዘዴ ለኋላው ትምህርት የሆነ ነው፤ አሮጌውና አዲሱ ላይብረሪ ጎን ለጎን እንዲኖሩ አድርጎ፣ ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ እንዲዛወሩ ጊዜ ሰጠ። ማሽኑን ሳይደመስሱ መሻገር የሚቻል መሆኑ በተግባር የታየው ያኔ ነው።

የሚቀረው የተጠቃሚው ድካም ነበር። ዲፒኬጂ አንድ ፓኬጅ ሌላ እንደሚፈልግ ይናገራል እንጂ ሄዶ አያመጣም። አንዱን ለመጫን ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ለመጫን አምስተኛውን ፍለጋ መዞር የዘመኑ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚያውቁት ምሬት ነው። ዴቢያን በማርች 1999 ባወጣው 2.1 ስሪት አፕት ከሙሉ ሥራው ጋር መጣ። አፕት የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች በሙሉ ራሱ ያሰላል፣ ከኢንተርኔት ወይም ከሲዲ ያመጣል፣ በትክክለኛው ተራ ይጭናል። ከአንድ ስሪት ወደ ሌላ መሻገር የአድራሻ ዝርዝር ቀይሮ ሁለት ትእዛዝ መጻፍ ሆነ። በአፕት የተጀመረ ማሽን ለዓመታት ሳይደመሰስ ከስሪት ወደ ስሪት መሻገሩ የዴቢያን ኩራት ሆኖ ቆየ።

በዚያው ጊዜ የመጫን ሥራ ራሱ ገና ከባድ ነበር። ባለ መስኮት ገጽታውን ለማስነሳት የሞኒተሩን የአግድምና የቁመት ፍሪኩዌንሲ መጻፍ ይጠይቅ ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር የዘመኑን ባለ መስተዋት ሞኒተር ሊያበላሽ እንደሚችል መመሪያዎቹ ያስጠነቅቁ ነበር። ግን ገበያው እየሰፋ፣ ኩባንያዎቹም እየተፎካከሩ መጡ። በ1998 በፈረንሳይ የተጀመረው ማንድሬክ የሬድ ሃትን ሥርዓት ከኬዲኢ ዴስክቶፕ ጋር አቀረበ። ካልዴራ በ1999 ያወጣው ኦፕንሊኑክስ 2.2 በማውስ የሚመራ ጫኝ ነበረው፤ ፋይሎቹ ሲገለበጡ ተጠቃሚው ቴትሪስ ይጫወት ነበር። ሬድ ሃትም በዚያው ዓመት በ6.1 ስሪቱ አናኮንዳ የተባለውን ጫኝ አስተዋወቀ። የመጫን ጥበብ ከትእዛዝ መስመር ወደ ስክሪን ሥዕል የተሻገረው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው።

ከ2000 እስከ 2004፦ ሳይጫን የሚሠራው፣ እና የፍጥነትና የጽናት መለያየት

እስከዚህ ድረስ ሊኑክስን ለማየት የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ዲስኩን መክፈል ነበረበት፤ አደጋው ከመተዋወቁ ይቀድማል። በጀርመን ክላውስ ክኖፐር በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ሲዲውን ከትቶ ኮምፒዩተሩን ማስነሳት ብቻ በቂ ነው፤ የማሽኑን ክፍሎች ራሱ ለይቶ ያውቃል፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ሙሉ ዴስክቶፕ ያቀርባል። 2 ጊጋባይት የሚሆን ሶፍትዌር በአንድ 700 ሜጋባይት ሲዲ የገባው ፋይሎቹ ታምቀው ስለተቀመጡና ሲፈለጉ ብቻ ስለሚፈቱ ነው። ብዙ ባለሙያዎች መነሳት እምቢ ያለ ዊንዶውስ ሲገጥማቸው ፋይሎቹን ለማውጣት ክኖፒክስን መያዝ ጀመሩ። ከሁሉ በላይ ግን ክኖፒክስ አንድ ነገር አስተማረ፤ ሰው የሚጭነውን ነገር ከመጫኑ በፊት በራሱ ማሽን ላይ አይቶ መወሰን አለበት።

በ2003 ደግሞ ለዓመታት ሲብላላ የቆየ ተቃርኖ ፈነዳ። ለቤት ተጠቃሚው አዲስ ስሪት በየስድስት ወሩ ቢመጣለት ደስ ይለዋል። ባንክና ቴሌኮም ግን በየስድስት ወሩ ሰርቨር ማሻሻል አይችሉም። ሬድ ሃት ሁለቱን በአንድ ምርት ማስማማት ትቶ ለየ፤ ለኩባንያዎች ለዓመታት የሚደገፍ፣ በክፍያ የሚገኝ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ፣ ለፈቃደኞችና ለአዲስ ነገር ወዳጆች ደግሞ ፈጣኑ ፌዶራ። የሚከፈልበትን ሥርዓት ኮድ መልሶ በነጻ የሚያቀርበው ሴንትኦኤስ በ2004 ተነሳ፤ መክፈል የማይችሉ ተቋማት ሰርቨሮች መጠጊያም ሆነ።

ዴቢያን በበኩሉ የተቃራኒው በሽታ ያዘው። ከጁላይ 2002 በኋላ የሚቀጥለው ስሪቱ እስኪወጣ ጁን 2005 ደረሰ። አንዱ ምክንያት ጫኙን ከመሠረቱ እንደገና መጻፉ ነበር። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ሦስት ዓመት የጠበቀው ተጠቃሚ ግን ትዕግሥቱ አልቆ ነበር።

ከ2004 እስከ 2010፦ ቀን የተቆረጠለት ስሪት፣ አማርኛ የተናገረው ጫኝ

ክፍተቱን ያየው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ነው። ታውት የተባለውን የኢንተርኔት ደኅንነት ኩባንያውን በ1999 ለቬሪሳይን በ575 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ፣ በ2002 በሩሲያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር የሄደ ሰው ነው። በ2004 ካኖኒካል የተባለውን ኩባንያ መሥርቶ በዴቢያን ላይ የተገነባውን ኡቡንቱን አቀረበ። የመጀመሪያው ስሪት በኦክቶበር 2004 ስለወጣ ቁጥሩ 4.10 ሆነ፤ ዓመትና ወር። ቀጣዩ ከስድስት ወር በኋላ እንደሚወጣም ቀድሞ ታወቀ። በሊኑክስ ዓለም የተለመደው «ሲደርስ ይወጣል» ነበር፤ የኡቡንቱ ቁጥር ግን ራሱ ቀጠሮ ነበር።

ኡቡንቱ የመጫንን ድካም በሁለት በኩል ቀነሰ። ሲዲውን ለጠየቀው ሰው ሁሉ በየትኛውም አገር በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር፤ አገልግሎቱ እስከ 2011 ቆይቷል። ኢንተርኔቱ ዘገምተኛና ውድ በሆነበት ዘመን አዲስ አበባ ላይ 700 ሜጋባይት ለማውረድ ለሚቸገር ተማሪ ይህ በሩን የሚከፍት ስጦታ ነበር። ሁለተኛው በጁን 2006 የወጣው 6.06 ነው። የክኖፒክስን ትምህርት ወስዶ፣ ሳይጫን በሚሠራው ዴስክቶፕ ላይ የመጫኛ ምልክት አስቀመጠ፤ ተጠቃሚው አይቶ ከወደደው በጥቂት ጥያቄዎች ይጭነዋል። የስሪቱ ቀን ከኤፕሪል ወደ ጁን የተገፋው ሥራው በደንብ እንዲጣራ ነው፤ ምክንያቱም 6.06 ለረጅም ጊዜ እንደሚደገፍ ቃል የተገባለት፣ በአጭሩ ኤልቲኤስ የተባለ የመጀመሪያው ኡቡንቱ ነበር፤ ለዴስክቶፕ ሦስት፣ ለሰርቨር አምስት ዓመት። ከአንዱ ረጅም ስሪት በቀጥታ ወደ ቀጣዩ መሻገርም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ «ኤልቲኤስ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የማንኛውም ጠንቃቃ ጫኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ሆነ።

የማሻሻሉም ሥራ ከትእዛዝ ወደ መስኮት መጣ። አዲስ ስሪት መኖሩን ዴስክቶፑ ራሱ ያሳውቃል፤ ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ ይጫናል። መሣሪያው ከሌላ ምንጭ የተጨመሩትን የፓኬጅ አድራሻዎች መጀመሪያ ያጠፋል፤ ምክንያቱም የማሻሻል ብልሽት አንዱ ትልቅ መነሻ ዲስትሮው ያልፈተሸው ከውጭ የመጣ ፓኬጅ ነውና።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በዚህ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት፣ ማንኛውም ሶፍትዌር ፊደላችንን በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚያውቅበት መሠረት ተጣለ። ሆኖም የዴቢያን ጫኝ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ እንደኛ ያሉ ፊደላትን ማሳየት አይችልም ነበር። በ2007 የወጣው ዴቢያን 4.0 ባለ ሥዕል ጫኝ ይዞ መጣ። በፌብሩዋሪ 2009 በወጣው ዴቢያን 5.0 ደግሞ ከተጨመሩት አምስት አዳዲስ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆነ። በዚያ ስሪት ጫኙ ከሚያውቃቸው 63 ቋንቋዎች ውስጥ በባለ ሥዕሉ ጫኝ ብቻ የሚታዩት 13 ነበሩ፤ አማርኛም ከእነሱ ጋር ነበር። እንግሊዝኛ የማያነብ ኢትዮጵያዊ ቋንቋውንና ሰዓቱን፣ የዲስኩን አከፋፈልና የይለፍ ቃሉን በራሱ ቋንቋ እየተጠየቀ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዲጭን የሚያስችል በር ተከፈተ። ይህን የሠሩት ደመወዝ ያልተከፈላቸው ተርጓሚዎች ናቸው፤ ሥራቸው ከማንኛውም ከርነል ያነሰ አይደለም።

ከ2011 እስከ 2015፦ የተቆለፈው በርና የልብ ለውጥ

በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ፣ የማይክሮሶፍትን ማረጋገጫ የሚፈልጉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ሴኪዩር ቡት የተባለውን ጥበቃ አብርተው እንዲሸጡ ግዴታ ሆነ። ጥበቃው ዓላማው ቫይረስ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቀድሞ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ነገር ግን የታወቀ ፊርማ የሌለውን ማንኛውንም ማስነሻ ስለሚከለክል ሊኑክስም በሩ ላይ ቀረ።

መፍትሔው ላይ ጎልቶ የሚነሳው ያኔ በሬድ ሃት ይሠራ የነበረው ማቲው ጋሬት ነው። ሺም የተባለ ትንሽ ፕሮግራም በማይክሮሶፍት ፊርማ እንዲነሳ ተደረገ፤ ሺም ደግሞ በዲስትሮው የራሱ ቁልፍ የተፈረመውን ማስነሻ እያጣራ ያስነሳል። ለነጻ ሶፍትዌር የቆሙ ሰዎች ነጻነታቸው በተፎካካሪ ኩባንያ ፊርማ ላይ መንጠልጠሉ አሳሰባቸው፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነበር። ያም ሆኖ ተራው ሰው አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ያለ ችግር ሊኑክስ መጫን የቀጠለው በዚህ ሥራ ነው። ይህን ሸክምና እንደገና የተጻፈውን አናኮንዳ አብሮ የተሸከመው ፌዶራ 18 ከታቀደበት ዘግይቶ በጃንዋሪ 2013 ወጣ።

በዚያው ጊዜ ከርነሉ ራሱ አንድ ታሪካዊ እርምጃ ወሰደ። በ2013 መጀመሪያ የወጣው ስሪት 3.8 የ386 ፕሮሰሰርን ድጋፍ አቆመ። ሊኑክስ የተወለደበት ማሽን ከዚያ በኋላ አዲስ ሊኑክስ መጫን አይችልም። በሜይ 2013 የወጣው ዴቢያን 7 በበኩሉ በሌላ አቅጣጫ በር ከፈተ፤ ጫኙ የሚጠይቀውን በድምፅ ስለሚያነብ ዓይነ ስውራን ያለ ረዳት በኮምፒዩተራቸው ላይ መጫን ቻሉ።

ከዚያ የመጣው የሲስተምዲ ክርክር ነው። ሲስተምዲ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ሌሎቹን አገልግሎቶች ሁሉ የሚያስነሳ የመጀመሪያው ፕሮግራም ነው። ደጋፊዎቹ ፍጥነቱንና ሥርዓቱን ወደዱለት፤ ተቃዋሚዎቹ ብዙ ሥራ በአንድ እጅ መጠቅለሉን ፈሩ። የዴቢያን ቴክኒክ ኮሚቴ በፌብሩዋሪ 2014 ድምፁ እኩል ተከፍሎ በሰብሳቢው መለያ ድምፅ ሲስተምዲን መረጠ። በ2015 ወደ ዴቢያን 8 የተሻገሩ ነባር ማሽኖች የሚነሱበት መንገድ በመሻገራቸው ተለወጠ። ያልተስማሙት ወጥተው ዴቭዋንን መሠረቱ። ማሻሻል የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ከ2016 እስከ 2025፦ የማይፈርስ ማሻሻያና የፈረሰ ቃል

ለሃያ ዓመታት ማሻሻል ማለት እየሠራ ባለ ሥርዓት ላይ ፋይል በፋይል መተካት ነበር። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ማሽኑ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይቀራል። የአዲሱ ዘመን መልስ እየሠራ ያለውን አለመንካት ነው። ሥርዓቱ በሁለት ቅጂ ይቀመጣል፤ አዲሱ ስሪት ባልተያዘው ቅጂ ላይ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ወደ አዲሱ ይዞራል፤ አዲሱ ካልተነሳ ወደ ነባሩ ይመለሳል። ጉግል ይህን መጀመሪያ በክሮምቡክ፣ ከ2016 ጀምሮም በአንድሮይድ 7.0 ተጠቀመበት። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ ጌም ማሽንም በሊኑክስ ላይ ተሠርቶ በዚሁ መንገድ ይሻሻላል። ፌዶራ በ2018 እየሠራ ያለውን ሳይነካ የሚሻሻለውን ሲልቨርብሉን ይዞ ብቅ ሲል፣ መነሻው በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የኤልኮ ዶልስትራ ጥናት የሆነው ኒክስኦኤስ ደግሞ ቀደም ብሎ የማሽኑን ያለፉ ሁኔታዎች ሁሉ እያስቀመጠ፣ ሲነሳ ከሜኑ እንዲመረጡ አድርጎ ነበር። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚቋረጥበት አገር የዚህ ዘዴ ጥቅም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ቴክኒኩ እየጠነከረ በሄደበት በዚሁ ዘመን ግን ቃል ፈረሰ። ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 እንደሚደገፍ የጠበቁ ተቋማት ሰርቨሮቻቸውን በእሱ ላይ አቁመው ነበር። በዲሴምበር 2020 ግን ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ሬድ ሃት በድንገት አስታወቀ። በወራት ውስጥ ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ ተነስተው ባዶውን ሞሉ፤ በቦታው ሆኖ ወደ እነሱ የሚያሻግር መሣሪያም አቀረቡ። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ተጠቃሚው ሜዳ ላይ አልቀረም። ኩባንያ ቃሉን ሊለውጥ ይችላል፤ የጂፒኤል ፈቃድ ያረጋገጠው መብት ግን አብሮ አልተለወጠም።

ዴቢያንም የራሱን አቋም ፈትሾ አሻሻለ። ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ ክፍሎች እንዲሠሩ የሚጫንባቸው ሶፍትዌር፣ በመጫኛው ውስጥ ስለማያካትት፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዋይፋይ በመጫን ጊዜ አይሠራም ነበር። በኦክቶበር 2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌሩ እንዲካተት ወሰኑ፤ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 በዚሁ መሠረት መጣ። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ ለባለ 32 ቢት ኢንቴል ኮምፒዩተሮች ጫኝ ማቅረቡን አቆመ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 14፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው፣ አካላቸው ግን ጤነኛ የሆነ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሊኑክስን አማራጭ አድርገው የሚያዩበት ጊዜ መጣ።

ከ1991 ወዲህ ያለውን መንገድ በአንድ ላይ ስናየው፣ እያንዳንዱ ለውጥ የመጣው አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ተጠቃሚው ይሸከመው የነበረውን ነገር እኔ ልሸከም ሲል ነው። ለብላንክ የመገጣጠሙን ሥራ፣ መርዶክና ጃክሰን መዝገብ መያዙን፣ የአፕት ጸሐፊዎች ፍለጋውን፣ ክኖፐር አደጋውን፣ ሻትልዎርዝ ቀጠሮውን፣ ተርጓሚዎቹ ቋንቋውን ተሸከሙ። ለተጠቃሚው የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ዲስትሮው ከሚፈቅደው ውጭ ስሪት ሳይዘል በተራ መሻገር፣ እና ዲስትሮ ሲመርጥ ከገጽታው ውበት በፊት ስንት ዓመት እንደሚደገፍና ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ።

በእኛ በኩል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለ። ጫኙ አዲስ ጥያቄ ባከለ ቁጥር አዲስ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል፤ የ2009ኙ ትርጉም ለዘላለም አይበቃም። ይህ ሥርዓት እዚህ የደረሰው በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ተራቸውን ስለተወጡ ነው። የአማርኛው ተራ የእኛ ነው፤ ኮድ መጻፍ የማይችል፣ ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰውም ሊወጣው የሚችለው ተራ ነው።